ዘይቱ በየት በኩል እንደሚያልቅ ሳይታወቅ አዲቲቭ አይጨመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ዘይት መብላት ሲጀምር ባለቤቱ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ይህችን ጠርሙስ ጨምርበት፣ እንደ አዲስ ይሆንልሃል» ይላል። የመጀመሪያው ያስደነግጣል፣ ሁለተኛው ይቀላል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ጠርሙሷን ይገዛል። በሁለቱ መካከል ግን መቅደም የነበረበት ሥራ ይዘለላል፤ ዘይቱ በየት በኩል እንደሚያልቅ መለየት። ይህ ሳይደረግ የሚጨመር አዲቲቭ (በዘይት ላይ የሚደባለቅ ኬሚካል) ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሲከፋ ደግሞ ሞተሩ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ይሸፍናል። አንባቢዎች አስቀድመው እንዲያውቁት ብዬ በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

ከጣሳ የሚቀዳው የሞተር ዘይት ራሱ በአዲቲቭ የተሞላ ነው። አብዛኛው መሠረታዊ ዘይት ቢሆንም ቀሪው ተመጥኖ የገባ ኬሚካል ነው። ካልሲየም ወይም ማግኒዥየም ያለባቸው አጣቢዎች የፒስተኑን ካርቦን ያስለቅቃሉ፣ ከቃጠሎ የሚመጣውን አሲድ ያመክናሉ። ሌሎቹ የለቀቀውን ቆሻሻ እንዳይረጋ በዘይቱ ውስጥ በትነው ይይዙታል። ዜድዲዲፒ የተባለው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ብረት ከብረት ሲነካካ በመካከላቸው መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ፖሊመሩ ዘይቱ ሲግል ከልክ በላይ እንዳይቀጥን ያግዛል፣ ጥቂት ሲሊኮን ደግሞ አረፋ ያጠፋል። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሆነው በሞተር ላይ ተፈትነው ነው በጣሳው ላይ የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ደረጃ የተጻፈው። 4 ሊትር በሚይዝ ሞተር ላይ 400 ሚሊ ሊትር ሌላ ነገር የሚጨምር ሰው ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋውን ድብልቅ ቀየረ ማለት ነው። አዲሱ ድብልቅ በማንም አልተፈተነም።

ለምሳሌ ፎስፈረስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ኤፒአይ ኤስኤም ከተባለው ደረጃ ወዲህ የውፍረት ቁጥራቸው 30 የሆነና ከዚያ የቀጠኑ የቤንዚን ሞተር ዘይቶች ፎስፈረስ ከ0.06 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ0.08 በመቶም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ዝቅተኛው ለሞተሩ ነው። ከፍተኛው የተቀመጠው ደግሞ ዘይት ሲቃጠል የሚወጣው ፎስፈረስ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ፣ ስለሚመርዘው ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በጠፍጣፋ ታፔት፣ ማለትም ግፊቱን ወደ ቫልቩ በሚያስተላልፍ ዕቃ፣ ላይ ለሚሽከረከር የጥንት ሞተር የዚንክ አዲቲቭ ትርጉም አለው። ዘይት በሚበላ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ባለው መኪና ላይ ግን ያንኑ ዚንክና ፎስፈረስ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ኮንቨርተሩ መላክ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሞተር ሲያረጅ ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደሩ ግድግዳ ወደ ላይኛው ጫፍ፣ ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ቆሞ በሚመለስበት አካባቢ፣ ይበላና ክብነቱን ያጣል። የፋሻው አፍ (የሁለቱ ጫፎቹ ክፍተት) ይሰፋል፣ የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሮንዚና፣ ማለትም ዘንጉ የሚያርፍበት ስስ ብረት፣ ይሳሳል፣ የቫልቩ ግንድና ግንዱ የሚንሸራተትበት ቱቦ ይላላሉ። ይህ የጠፋ ብረት ነው። በዘይት ላይ የሚጨመር ፈሳሽ ብረት አይመልስም። ያልጠፋ ነገር ሲሆን ግን፣ ማለትም ፋሻው በካርቦን ተጣብቆ ወይም ላስቲኩ ደርቆ ከሆነ፣ ኬሚካል አንዳንዴ ይረዳል። ጥያቄው ሁሉ የጠፋውን ካልጠፋው መለየት ነው።

መጀመሪያ ይለካ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ ላይ እስካለው ላይኛው ምልክት መሙላት፤ 1000 ኪሎ ሜትር ነድቶ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሁኔታ ምልክቱ ላይ እስኪደርስ በመለኪያ መሙላት ነው። የገባው መጠን የሞተሩ ፍጆታ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። አንዳንድ አምራቾች በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ድረስ እንደ ጤነኛ ይቆጥሩታል። በዚህ ርቀት 200 ሚሊ ሊትር የሚበላ አሮጌ ሞተር መፍትሔው ትርፍ ጣሳ ይዞ መሄድ እንጂ ሌላ አይደለም። መጠኑ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም እንደ ወተት ከነጣ፣ ጉዳዩ ነዳጅ ወይም የራዲያተር ውኃ ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ጥገና ነው።

ቀጥሎ ውጫዊ መፍሰስ ይታይ። የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት (የመጋጠሚያ መድፈኛ)፣ የፊልትሮው መቀመጫ፣ የዘይት ግፊት ሴንሰሩ፣ የኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ብሎን፣ የፊትና የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘንጉን ከብቦ ዘይት የሚያግድ ላስቲክ)። ሞተሩን አጥቦ፣ ነድቶ፣ በብርሃን ማየት ይበቃል። ዘይት በነፋስ ወደ ኋላ ስለሚነዳ ምንጩ የሚፈለገው ከላይና ከፊት እንጂ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ አይደለም።

ከዚያ ፒሲቪ ቫልቩ። በክራንክ ሳጥኑ ውስጥ የሚከማቸውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው ይህ ትንሽ ዕቃ ሲደፈን በውስጥ ግፊት ይፈጠርና ዘይቱን በፓራኦሊዮና በጋስኬት በኩል ይገፋዋል። ክፍት ሆኖ ሲቀር ደግሞ ሞተሩ ዘይቱን በትነት መልክ እየሳበ ያቃጥለዋል። ፈትቶ ሲያንቀጫቅጩት ድምፅ ማሰማት አለበት። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ) ሲሠራ ጫፉ ላይ ጣት ሲደረግ መሳቡ ይሰማል። ቱቦውም ከውስጥ አለመደፈኑና አለመሰንጠቁ ይታይ። እጅግ ርካሽ ከሆኑት የሞተር ዕቃዎች አንዱ ነው። በዚህ ዕቃ ምክንያት ሞተር እንዲወርድ የሚወሰንበት ጊዜ መኖሩ ያሳዝናል።

ጭሱም ይናገራል። ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንዶች ሰማያዊ ጭስ ካወጣና ከዚያ ከጠራ፣ ጥፋቱ የቫልቭ ጎሚኒ፣ ማለትም በቫልቩ ግንድ ላይ ያለው የላስቲክ ቆብ ነው፤ ደርቆ ዘይት ያንጠባጥባል። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርዶ ነዳጅ ሲሰጥ ቡፍ ብሎ ቢወጣም ጥርጣሬው እዚያው ቫልቭ አካባቢ ነው። ሽቅብ ሲጫን፣ ነዳጅ ሲሰጥ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻና ሲሊንደር ይኬዳል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ የራዲያተር ውኃም አብሮ ከጎደለ፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጋስኬት መበላሸት ምልክት ነው።

የኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ልኬት በግምት አይሠራ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ካንዴላዎቹ (እሳት ሰጪዎቹ) ሁሉ ይውጡ፣ ነዳጅና እሳት ይቋረጡ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ። ካልተረገጠ አየር በበቂ ስለማይገባ ቁጥሩ ሁሉ ይወርድና ጤነኛው ሞተር የታመመ ይመስላል። በሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) በየሲሊንደሩ እኩል፣ ከ5 እስከ 7 ምት፣ ይዙር። ዝቅተኛው የከፍተኛውን 75 በመቶ ካልደረሰ ችግር አለ። ሦስቱ ሲሊንደሮች 12 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ አንዱ 8 ባር ቢያነቡ፣ 8 ባር ባነበበው ሲሊንደር ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር የማይሞላ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ይጨመርና እንደገና ይለካ። ወደ 11 ከዘለለ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ደፈነ ማለት ነው፤ ጥፋቱ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። እዚያው 8 ላይ ከቀረ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጋስኬት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። «ኮምፕረሽን ይመልሳል» የሚባለው ወፍራም አዲቲቭ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወፍራም የዘይት ሽፋን ይተዋል፤ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ከፍ ይላል፤ ሽፋኑ ሲቃጠልና ሲቀጥን ቁጥሩ ይመለሳል። ልኬቱ እውነት ነው፣ ጥገና ግን አልተደረገም።

የበለጠ እርግጠኛ የሚያደርገው የአየር መፍሰስ ልኬት ነው። ፒስተኑ በኮምፕረሽን ምት ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይገባል። አየሩ ክራንክሻፍቱን ሊያዞረው ስለሚችል አስቀድሞ መያዝ አለበት። በፋሻው አፍ በኩል ትንሽ መፍሰሱ የማይቀር ነው፤ እስከ 10 በመቶ ጤነኛ ነው፣ 20 በመቶ ሲያልፍ ይመረመር። ፍሳሹ በጆሮ ይለያል። በዘይት መሙያው ሲነፍስ ፋሻ፣ በጭስ ማውጫው ሲሰማ የጭስ ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያው ሲሆን የማስገቢያ ቫልቭ፣ ራዲያተሩ አረፋ ሲያወጣ ጋስኬት ነው።

ብዙ ባለሙያም የሚስተው ጉዳይ አለ። ኮምፕረሽኑ ጥሩ፣ ፒሲቪው ጤነኛ፣ የሚፈስ ነገር የለም፤ ሞተሩ ግን ዘይት ይበላል። ኮምፕረሽን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለት ፋሻዎች ናቸው። ከግድግዳው ላይ ዘይት የሚጠርገው ሦስተኛው ፋሻ ነው፤ እሱ በካርቦን ተጣብቆ፣ በፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎችም ተደፍነው ሳለ የኮምፕረሽን ጌጁ ምንም አያሳይም። ብረቱ ሳይጠፋ የተጣበቀ ነገር በመሆኑ በኬሚካል መሞከር የሚያዋጣው ይህ ሞተር ነው።

ሲሞከር እንዲህ ይሁን። ሞተሩ ሞቅ ሲል ካንዴላዎቹ ይውጡ፤ ፒስተኖቹ መሐል ላይ እንዲሆኑ ሞተሩ በእጅ ይዙር። በየሲሊንደሩ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የካርቦን ማሟሚያ ፈሳሽ ይጨመርና ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ካንዴላ ሳይገባ፣ ነዳጅና እሳት እንደተቋረጡ፣ ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ተሸፍነው በሞተሪኖ ይዙርና የቀረው ፈሳሽ ይውጣ። ይህ ከተዘለለ ፒስተኑ የማይታመቅ ፈሳሽ ላይ ይመታና ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይታጠፋል። ማሟሚያው ወደ ኮፓው ስለሚወርድ ዘይቱና ፊልትሮው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ይቀየሩ። ሲነሳ በጣም ይጨሳል፤ ስለዚህ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። ከዚያ 1000 ኪሎ ሜትር ነድቶ ፍጆታውን እንደገና መለካት ነው። ከቀነሰ አንዴ መድገም ይቻላል፤ ካልተለወጠ ግን ፋሻው በፈሳሽ አይለቅም።

ሌላው ጥቅም ያለው የላስቲክ ማለስለሻ ነው። ፓራኦሊዮና የቫልቭ ጎሚኒ በሙቀት ሲደርቁ ይጠነክራሉ፣ ይጠባሉ። በጠርሙሱ ያለው ኤስተር ወደ ላስቲኩ ገብቶ መጠኑን ትንሽ ያሳድገዋል። ላብ ያህል የሚያወጣ ፓራኦሊዮ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ሊደርቅ ይችላል። የተቀደደ ላስቲክ፣ ወይም ዘንጉ ላይ የተቆፈረ ጭረት ግን አይድንም። ከተጻፈው መጠን በላይ መጨመርም ላስቲኩን አልፎ ያለሰልሰውና ያበላሸዋል። ለረጅም ኪሎ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ዘይት ይህን ማለስለሻ ከነምጣኔው ይዞ ስለሚመጣ በሚቀጥለው ዘይት ቅየራ እሱን መጠቀም ጠርሙስ ከመጨመር ይሻላል።

አሁን ስለ ወፍራሙ አዲቲቭ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ወፍራም ዘይትና ፖሊመር ነው። ሲጨመር የሞተሩ ድምፅ ይቀንሳል፣ የዘይት ግፊቱ ይወጣል፣ ጭሱም ይረግባል፤ ሰው የሚያምነውም ለዚህ ነው። የግፊት ጌጅ ግን የሚለካው ዘይቱ ለመፍሰስ የሚገጥመውን ተቃውሞ እንጂ የሚፈሰውን ብዛት አይደለም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወፍራሙ ዘይት ቴስታታው ላይ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሞተር መበላት የሚበረታው ደግሞ በዚያ ጊዜ ነው። ፊልትሮው ውስጥ በቀላሉ ስለማያልፍ የፊልትሮው ማሳለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ይዞራል። የቫልቭ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚያስተካክሉ ሞተሮች ላይ ዘይቱ በጠባቦቹ ወንፊቶች በኩል ዘግይቶ ያልፋል፣ ሶሌኖይዶቹም (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ቫልቮች) ይዘገያሉ፣ የሞተር መብራትም ይበራል። ፖሊመሩም በማርሽና በካም መካከል ሲያልፍ ስለሚቆራረጥ ውፍረቱ በጊዜ ይወርዳል።

ከሁሉ የሚያሰጋው የግፊት መብራት እየበራ የሚደረገው ማወፈር ነው። መብራቱ ሲበራ ሴንሰሩ ተፈቶ በቦታው ሜካኒካል ጌጅ ይታሰር። ለብዙ ሞተሮች የሚሠራው መነሻ ግምት፣ ዘይቱ ሞቆ ሳለ በየ1000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ ነው፤ የአምራቹ ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል። ግፊቱ በእውነት ዝቅ ካለ ብሮንዚናው ተበልቷል፣ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም በኮፓው ውስጥ ያለው የፓምፑ መሳቢያ ወንፊት በዝቃጭ ተደፍኗል። ወንፊቱ ከተደፈነ ዘይቱን ማወፈር ፓምፑን ጭራሽ ባዶ ማስቀረት ነው። ኮፓውን አውርዶ ወንፊቱን ማጽዳት ሞተር ከማውረድ ጋር የሚወዳደር ሥራ አይደለም።

ውፍረት ካስፈለገም በጠርሙስ አይፈለግ። 30 ቁጥር ዘይት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ነው፣ 40 ቁጥሩ ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3። የመኪናው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ከ5ደብልዩ-30 ወደ 5ደብልዩ-40 መሻገር የተፈለገውን ውፍረት ይሰጣል፤ ሙሉው ድብልቅም የተፈተነ ነው፣ ዋጋውም ከጠርሙሱ ጋር ሲደመር ከሚወጣው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ዘይት ከመቀየሩ በፊት የሚጨመረው ማጠቢያ ቀጭን ማሟሚያ ነው። በአግባቡ የተያዘ ሞተር አያስፈልገውም። ዘይቱ ሳይቀየር ብዙ ዘመን የቆየ፣ ክዳኑ ሲከፈት ጥቁር ጭቃ የተጋገረበት ሞተር ላይ ደግሞ ያሰጋል፤ በአንዴ የሚለቀው ዝቃጭ ያንኑ መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል። እንዲህ ላለው ሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ2000 ወይም 3000 ኪሎ ሜትሩ ሦስት አራት ጊዜ መቀየር ይሻላል፤ የዘይቱ አጣቢ ቀስ በቀስ ይሠራዋል። የግድ ማጠቢያ የሚጠቀም ሰው በሚኒሞ ብቻ፣ በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ያሠራ፤ መንገድ አይውጣበት፣ ትኩስ እንዳለም ያፍስሰው።

ቴፍሎንና ክሎሪን ያለባቸውን በአጭሩ ልለፋቸው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ስሊክ 50 የተባለውን ቴፍሎን ያለበት አዲቲቭ የሞተርን መበላት ይቀንሳል ለሚለው ማስታወቂያው በቂ ማስረጃ የለውም ብሎ ከሶታል፤ በ1997 ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል። ዱራ ሉብ የተባለው አዲቲቭም በ1999 ተከሶ በ2000 በስምምነት ጨርሷል፤ ከክሱ ነጥቦች አንዱ ክሎሪን የለበትም መባሉ ሐሰት ነው የሚል ነበር። ክሎሪን ያለበት አዲቲቭ በመሸጫ ቦታ በሚታየው ማሳያ መሣሪያ ላይ ድንቅ ይሠራል። በዚያ መሣሪያ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት ላይ ኩሽኔታ (የብረት መሸከሚያ) በክንድ ይጫናል፤ በተራው ዘይት ቀለበቱ ይቆማል፣ በአዲቲቩ ግን መሽከርከሩን ይቀጥላል። መሣሪያው የሚፈጥረው በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ ያረፈ ከባድ ጫና ነው። ብሮንዚና ደግሞ የሚሠራው ብረቶቹን ሙሉ በሙሉ በሚለያይ የዘይት ሽፋን ላይ ስለሆነ ውጤቱ ስለ ሞተር ምንም አይነግረንም። ክሎሪኑ በሞተር ውስጥ ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር ሲገናኝ አሲድ ሊፈጥርና የብሮንዚናውን ብረት ሊበላ ይችላል።

አዲቲቭ የሚጨምር ሰው መጠኑን ያስላ። ሞልቶ ባለ ዘይት ላይ 400 ሚሊ ሊትር ከተጨመረ ክራንክሻፍቱ ዘይቱን እየመታ ያራግበዋል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ግፊት አይይዝም። የሚጨመረውን ያህል አስቀድሞ መቀነስ ያስፈልጋል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ይህን ይወቅ። ወፍራም አዲቲቭ ሞተርን ለሽያጭ ለማሳመር ይውላል። መኪናው ሳይነሳ፣ ቀዝቅዞ እያለ ይታይ። የዘይት መለኪያውን ስቦ ዘይቱ እንደ ማር እየተሳበ፣ ክር እየሠራ የሚወርድ ከሆነ ይጠርጠር። ሲነሳ ታፔቱ ለብዙ ሴኮንዶች ከተንኳኳ፣ ወይም የግፊት መብራቱ ዘግይቶ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ይበረታል። ሻጩን ዘይትና ፊልትሮው በመመሪያው ቁጥር ተቀይሮ ኮምፕረሽኑ እንዲለካ መጠየቅ፣ ወጪውን ገዢው ቢሸፍነውም፣ ያዋጣል። ሻጩ ሌላውን ሁሉ ፈቅዶ ዘይት መቀየሩን ብቻ ከከለከለ መኪናውን መተው ነው።

ጋዜጣችሁ የእነዚህን ምርቶች ማስታወቂያ የሚያወጣ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። አስተዋዋቂው አዲቲቩ በምን ዓይነት ሞተር፣ በየትኛው የታወቀ የፈተና ዘዴ እንደተፈተነና የትኛው የመኪና አምራች እንደፈቀደው እንዲጽፍ ጠይቁት፤ መልሱንም ከማስታወቂያው ጋር አትሙት።

ከአክብሮት ጋር
የሞተር ጥገና ባለሙያ